ስለ ሂትለር ለምትተርኩ፦ እነዚህን ስህተቶች ተዉልኝ

የትረካ ስክሪፕት ማረም ሥራዬ ነው። ለሬዲዮም ይሁን ለዩቲዩብ፣ ስለ ናዚ የተጻፈ ነገር በየጊዜው እጄ ይገባል። ርዕሱ ሰው ስለሚስብ የማይሞክረው የለም። ስህተቱ ግን ያው ነው። (ዓመቶቹን የፈረንጅ አድርጋችሁ አንብቡልኝ።)

ሁሉን ነገር ለአንድ ሰው ማሸከም። በዚህ ላይ ትዕግስቴ አልቋል። ስክሪፕቱ "ከሲኦል የወጣው አውሬ" ብሎ ይጀምራል። ከዚያ የአባቱ ዱላ፣ የቪየና የሥዕል ትምህርት ቤት አልቀበልህም ማለቱ፣ ጢሙ፣ ጩኸቱ። ስድስት ሚሊዮን አይሁዶች ያለቁት አንድ ሰው የመግቢያ ፈተና ስለወደቀ ይመስላል። እሺ፣ ባቡሩን ማን ነዳው? የጀርመን ምድር ባቡር ሰዎችን ወደ ሞት ካምፕ ሲያመላልስ በነፍስ ወከፍ ያስከፍል ነበር። የሦስተኛ ማዕረግ ታሪፍ ነው። ከ10 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ግማሽ ዋጋ፣ ከ4 ዓመት በታች ነፃ። ይህን ሂሳብ የሚያወራርድ ሠራተኛ ነበር፤ ሠርቶ ሲወጣ ቤቱ ገብቶ እራቱን የሚበላ።

ጃንዋሪ 20 ቀን 1942 በርሊን ዳር፣ ቫንዜ በሚባል ሰፈር፣ 15 ባለሥልጣናት አንድ ቪላ ውስጥ ተሰበሰቡ። አጀንዳው የአውሮፓን አይሁዶች የማጥፋቱ ሥራ በመሥሪያ ቤቶች መካከል እንዴት ይቀናጅ የሚል ነበር። ሁለት ሰዓት እንኳን አልፈጀባቸውም። ስምንቱ የዶክትሬት ዲግሪ ነበራቸው። ሂትለር እዚያ አልነበረም። አይሁዶችን የማጓጓዙን ሥራ ያደራጅ የነበረው መኮንን አይሽማን ቃለ ጉባኤ ያዘ። ቃለ ጉባኤ! ስብሰባ የሚያውቅ አድማጭ ሁሉ ይህን ሲሰማ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። አውሬውን ስትተርኩለት ግን ተመቻችቶ ይሰማችኋል፤ ምክንያቱም እሱ አውሬ አይደለማ። በጁላይ 1932 ምርጫ ከመቶ 37 የሚሆነው ድምፅ ለናዚ ፓርቲ መሰጠቱንም አትዝለሉ። በጃንዋሪ 1933 ሂትለር ሥልጣኑን በሹመት እንዲያገኝ ያደረጉት ደግሞ "እኛ እንይዘዋለን" ያሉ ጨዋ ፖለቲከኞች ናቸው።

የናዚን ካሜራ መዋስ። ያ ሁሉ ሰልፍ፣ ባንዲራው፣ በመደዳ የቆመው ሠራዊት ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ብዙው በ1934 ኑረንበርግ ላይ የፊልም ዳይሬክተሯ ሌኒ ሪፈንሽታል ለሂትለር ብላ የቀረጸችው ነው። ቅስቀሳ ነው። ከሥሩ ጀግና ጀግና የሚል ማጀቢያ ሙዚቃ ስትጨምሩበት ቀሪውን ሥራ ጨረሳችሁላቸው። አንድ ጎበዝ ልጅ "ግን እኮ ምስሉ ያምራል" አለኝ። እንዲያምር ነው የተሠራው፣ ወንድሜ።

"ውሸት ሲደጋገም እውነት ይሆናል" የሚለውን የናዚ ፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር የጎብልስ ነው እያላችሁ አትጥቀሱ። ጎብልስ ስለማለቱ ማስረጃ የለም። የሂትለርን አባባል የስኬት ምክር አድርጎ ቴሌግራም ላይ ስለሚለጥፈው ሰው ምንም አልልም።

"ሂትለር የኢትዮጵያ ወዳጅ ነበር።" ይቺ የኛው ናት። አድማጭ ስለሚወዳት አትሞትም። እርግጥ በ1935 ጀርመን ለኢትዮጵያ በድብቅ መሣሪያ ሰጥታለች። ታሪኩ እዚህ ላይ ከቆመ ግን ግማሽ ነው። ሂትለር ዓይኑን ኦስትሪያ ላይ ጥሎ ነበር። ሙሶሊኒ ደግሞ በ1934 ጦሩን ወደ ኦስትሪያ ድንበር አስጠግቶ አይሆንም ብሎታል። ጣሊያን ኢትዮጵያ ውስጥ ገብታ ብትዳክር ለማን እንደሚመች እናንተው አስቡት። በ1936 ጀርመን የጣሊያንን ወረራ አውቃ ተቀበለች። ወዳጅነቱ ይኸው ነው። ለዘር ንጽሕና ብሎ ሰው የሚፈጅ መንግሥት ለጥቁር ሕዝብ የሚሆን ፍቅር ከየት ያመጣል?

የሞቱትን ቁጥር ብቻ ማድረግም አለ። እነሱ ራሳቸው ጽፈዋል እኮ። ዋርሶ ጌቶ ውስጥ፣ ናዚዎች አይሁዶችን አጥረው ባስቀመጡበት ሰፈር፣ ኢማኑኤል ሪንገልብሉም የሚባል የታሪክ ምሁር ሰዎች አሰባስቦ የየዕለቱን ኑሮ በድብቅ ያስመዘግብ ነበር። ማስታወሻው፣ የልጆች ጽሑፍ፣ የራሽን ካርዱ ሳይቀር በቆርቆሮ ሣጥንና በወተት ማመላለሻ ዕቃ ተደርጎ ተቀበረ። ከፊሉ በ1946፣ ከፊሉ በ1950 ወጣ። እሱ ግን በ1944 ተገድሏል። አንድ ሙሉ ትረካ የሚወጣው ነገር ነው፤ እስካሁን ይዞልኝ የመጣ ሰው የለም።

የመጨረሻው የመድረክ ሰዎችን ይመለከታል። የኛ ድራማ ውስጥ ጣሊያን ሁልጊዜ አማርኛ እየሰበረ የሚያስቅ ወፍራም ሰውዬ ነው። መሳቅ ይቻላል። ቻርሊ ቻፕሊን በ1940 ፊልም ሠርቶ በሂትለር ላይ ቀልዷል፤ የካምፖቹን ግፍ ባውቅ ኖሮ አልሠራውም ነበር ያለው ግን እሱ ራሱ ነው። እኛ የካቲት 12ን እናውቃለን። ያን ሰሞን የፋሽስት ፓርቲው የአዲስ አበባ ሹም ሰዎቹን ለሦስት ቀን ያሻችሁን አድርጉ ብሎ ለቀቃቸው። ዱላና ብረት ይዘው ከወጡት ውስጥ ወታደር ያልሆኑ ጣሊያኖች ነበሩ፤ ሹፌርና ሠራተኛ። የታለ ያ ሹፌር በድራማችን? ግራዚያኒን ብቻ ደጋግመን ስናሳይ ሹፌሩ ከተጠያቂነት ያመልጣል። ግራዚያኒም ቢሆን በ1950 19 ዓመት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በማበሩ እንጂ በኢትዮጵያ ባደረገው አልነበረም፤ በወራት ውስጥም ተፈታ። በ2012 አፊሌ የምትባል የጣሊያን ከተማ መታሰቢያ ሠርታለታለች። ይህን በስክሪፕቱ ውስጥ ያስገባ ሰው ካለ ያምጣልኝ፣ በነፃ አርምለታለሁ።