ሲቪ ልኮ መልስ ማጣት፦ መንስኤውን ከምልክቱ መለየት

“ሲቪ እልካለሁ፣ መልስ የለም” የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ነገሩ የት ላይ እንደሚቆም ነው። ጭራሽ አይጠሩትም? ወይስ ተጠርቶ ሰነድ ሲያቀርብ ይወድቃል? የላከውስ ለማን ነው፤ ለአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ወይስ ለዱባይ ኩባንያ? መንስኤው በዚህ ይለያያል። ብዙ ሰው ግን ይህን ሳይለይ አንዱን ሲቪ እያሳመረ ለሁሉም ይልካል። መልስ ሲያጣም ችሎታውን መጠራጠር ይጀምራል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ጎበዝ ሰዎች በዚህ ምክንያት ማመልከት ሲያቆሙ አይቻለሁና።

ለምሳሌ አንዲት አካውንታንት እንውሰድ። ዲግሪ አላት፣ አዲስ አበባ ውስጥ አምስት ዓመት ሠርታለች፣ ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ጥሩ አድርጋ ታውቃለች። ይህች ሴት አንዱን ሲቪ ለአገር ቤት ኤንጂኦ፣ ለአሜሪካ (ሜሪላንድ)፣ ለዱባይና ለጀርመን ብትልክ በአራቱም ቦታ በተለያየ ምክንያት ልትቀር ትችላለች።

ምልክት፦ አገር ውስጥ አመለከትኩ፣ ሾርት ሊስት ውስጥ የለሁም

እዚህ አገር የመጀመሪያው ማጣሪያ መስፈርት ማመሳከር ነው። የሰው ሀብት ባለሙያው ማስታወቂያውን ከፊቱ ያስቀምጣል። የትምህርት ዓይነት፣ ደረጃ፣ የሥራ ልምድ ዓመት ያያል። አንዳንዱ ቦታ ኩሙሌቲቭ ነጥብም ይጨመራል። ሲቪው ግማሽ ገጽ በሚሞላ “የሥራ ዓላማዬ” ከጀመረ፣ ባለሙያው የሚፈልገውን ለማግኘት ገጽ መግለጥ አለበት። የአመልካች ክምር ከፊቱ ተቆልሎ ይህን ያደርጋል ብላችሁ አትጠብቁ።

መፍትሄው ቀላል ነው። የዓላማውን አንቀጽ አውጡት። በምትኩ ከስማችሁ ቀጥሎ ሁለት መስመር ጻፉ፦ “በአካውንቲንግ ቢኤ ዲግሪ፤ ከምረቃ በኋላ 5 ዓመት በሂሳብ ሥራ።” “ከምረቃ በኋላ” የሚለው ዝም ብሎ የገባ አይደለም። ብዙ መሥሪያ ቤት የሚቆጥረው ዲግሪው ከተያዘ በኋላ የተገኘውንና ከሥራው ጋር ቀጥተኛ አግባብ ያለውን ልምድ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ሥራ ከነወሩ ጻፉ። “2010–2012” ብቻ ከተባለ አንባቢው ሦስት ዓመትም አንድ ዓመት ከምናምንም ሊያደርገው ይችላል።

ምልክት፦ ተጠርቼ ነበር፣ ሰነድ ላይ ወደቅሁ

ይሄኛው በጣም ያናድዳል፤ በር ላይ ደርሶ መመለስ ነው። የተለመደው መንስኤ ሲቪውና የሥራ ልምድ ደብዳቤው አለመስማማታቸው ነው። ሲቪው “ሲኒየር አካውንታንት” ይላል፣ ደብዳቤው “ገንዘብ ያዥ” ይላል። ሰውየው ምናልባት ሁለቱንም ሥራ ሠርቶ ይሆናል። አጣሪው ግን የሚያምነው ማኅተም ያለበትን ነው።

በሲቪው ላይ የሥራ መደቡን ደብዳቤው እንደሚለው ጻፉት። በተግባር የሠራችሁትን ከሥሩ ዘርዝሩ። ደብዳቤው ስህተት ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌላችሁ፣ የቀድሞ ቀጣሪያችሁን ጠይቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቀጣሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ውለታ እንደምትለምኑ ሆናችሁ አትሂዱ፤ መብታችሁ ነው። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የምታመለክቱ ከሆነ ደግሞ ማስታወቂያውን በደንብ አንብቡ። ከግል ድርጅት የተገኘ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። ይህን ለማውጣት ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ከማመልከት በፊት መጀመር ይሻላል።

ምልክት፦ መስፈርቱን ሁሉ አሟላለሁ፣ ግን አይጠሩኝም

ሲቪያችሁን አውጡና የሥራ ዝርዝሩን ተመልከቱ። “የተለያዩ የሂሳብ ሥራዎችን እሠራለሁ” የሚል ነገር ካለ መንስኤው እሱ ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ስለ ማንኛውም አካውንታንት ሊጻፍ ይችላል።

ማስታወቂያውን አትሙና እስክሪብቶ ያዙ። እንዲሠራ የሚፈለገውን እያንዳንዱን ሥራ አስምሩበት። ቀጥሎ ከእነዚህ ውስጥ በእርግጥ የሠራችሁትን ለዩ። እነሱ ወደ ላይ ይምጡ፣ በማስታወቂያው ቃላትም ይጻፉ። የኤንጂኦው ማስታወቂያ ለለጋሾች የሚቀርብ ሪፖርትና የበጀት ክትትል ላይ ካተኮረ፣ የአካውንታንቷ ሲቪ በፔሮል (በደመወዝ ዝግጅት) መጀመር የለበትም። የግል ፋብሪካ ስለ ስቶክና ስለ ምርት ወጪ ከጠየቀ ደግሞ የለጋሽ ሪፖርቱ ወደ ታች ይወርዳል። ቁጥር ጨምሩበት፦ “የ45 ሠራተኞችን ፔሮል በየወሩ አዘጋጃለሁ፤ ቫትና ዊዝሆልዲንግ አሳውቃለሁ፤ የሦስት ባንክ ሂሳብ አስታርቃለሁ።”

ያልሠራችሁትን ግን አትጨምሩ። አንዳንድ ሰው ማስታወቂያውን እንዳለ ኮፒ ያደርግና ሲቪው ላይ ይለጥፈዋል። ኢንተርቪው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ እውነተኛው ልምዳችሁም አይታመንም።

ምልክት፦ በኦንላይን ፎርም ሳመለክት መረጃዬ ይዘበራረቃል

ፎርሙ ፋይላችሁን ተቀብሎ ስማችሁን በሥራ መደብ ቦታ ካስገባ፣ ቅርጹ ነው ችግሩ። ትልልቅ ቀጣሪዎች ሲቪውን መጀመሪያ የሚያነቡት በሶፍትዌር ነው። በሁለት ዓምድ የተከፈለ፣ በሠንጠረዥና በሣጥን የተሞላ ቴምፕሌት ብዙውን ጊዜ ያደናግረዋል። ሞክሩት፦ ጽሑፉን በሙሉ ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉ። በቅደም ተከተል ከተነበበ ደህና ነው፤ ከተደባለቀ በአንድ ዓምድ እንደገና ጻፉት። የአማርኛ ሲቪ በድሮዎቹ፣ ዩኒኮድ (በየትኛውም ኮምፒውተር የሚነበብ የፊደል ሥርዓት) ባልሆኑት የግዕዝ ፎንቶች ከተጻፈ ደግሞ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። በዩኒኮድ ጽፋችሁ በፒዲኤፍ ላኩ።

ምልክት፦ አሜሪካ ማመልከት ጀመርኩ፣ ዝም አሉኝ

አገር ቤት የለመድነው ሲቪ በፎቶ፣ በትውልድ ዘመን፣ በጾታና በጋብቻ ሁኔታ ይጀምራል። አንዳንዴ ሃይማኖትም አለበት። አሜሪካ ውስጥ እነዚህ ሁሉ ይወጣሉ። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታና በትውልድ አገር መድልዎ ይከለክላል፤ የ1967ቱ ሕግ ደግሞ ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ይጠብቃል። ቀጣሪው በኋላ እንዳይከሰስ እነዚህን መረጃዎች ከነጭራሹ ባያይ ይመርጣል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሲቪ ላይ ፈጽሞ አይጻፍም፤ ለሌባ በር መክፈት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ችግር ግን ዓመተ ምሕረት ነው። አካውንታንቷ በሐምሌ 2012 ተመርቃለች እንበል። እንዳለ ከጻፈችው አሜሪካዊው አንባቢ በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። ከዚያ በፈረንጅ አቆጣጠር 2020 ሥራ ጀመርኩ ስትል በመካከሉ ምን ስትሠራ ነበር የሚል ጥያቄ ይነሳል። በፈረንጅ ዘመን ጁላይ 2020 ብላ መጻፍ አለባት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይደመራል። ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ ጻፉ፤ አሜሪካኖች ወሩን ከቀኑ ስለሚያስቀድሙ 03/04 ለእነሱ ማርች 4 ነው።

የሥራ ልምዱም መመዘን አለበት። አሜሪካ ቫት የላትም፤ ያለው በየስቴቱ የሚለያይ የሽያጭ ታክስ ነው። ስለዚህ ቫት ማሳወቅ እዚያ መጀመሪያ የሚጻፍ ነገር አይደለም። የባንክ ማስታረቂያ፣ ፔሮልና የወር መዝጊያ ይቅደሙ። ፒችትሪ አሁን ሴጅ 50 ስለሚባል በአዲሱ ስሙ ጻፉት። ለጀማሪና ለመካከለኛ ባለሙያ አንድ ገጽ ይበቃል።

ምልክት፦ ያንኑ አጭር ሲቪ ወደ ገልፍ ላክሁ፣ “መረጃው አልተሟላም” አሉኝ

እዚያ ነገሩ ይገለበጣል። ዱባይና ሪያድ ያሉ ቀጣሪዎች ዜግነት፣ የቪዛ ሁኔታ፣ መንጃ ፈቃድና ሥራ ለመጀመር የሚያስፈልጋችሁን ጊዜ ማየት ይፈልጋሉ። ፎቶም የተለመደ ነው። ቀድሞ እዚያ ያለ ሰው ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) ሊዛወር የሚችል መሆኑን ከላይ ቢጽፍ ይጠቅመዋል።

አሜሪካ ላይ ወደ ታች ያወረድነው ቫት እዚህ ወደ ላይ ይመለሳል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና ሳዑዲ ዓረቢያ ቫት የጀመሩት በፈረንጅ 2018 ነው። ኢትዮጵያ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ስትሠራበት ቆይታለች። ብዙዎቻችን ይህን ልምድ እንደ ተራ ነገር ስለምናየው ሲቪው ላይ እንኳ አናሰፍረውም።

ምልክት፦ ጀርመን የትምህርት ውጤቴን አልወደዱትም

አካውንታንቷ 3.5 አምጥታለች፤ በእኛ ጥሩ ውጤት ነው። ጀርመን ውስጥ ግን ከፍተኛው 1.0፣ ዝቅተኛው ማለፊያ 4.0 ነው። “3.5” ብላ ብቻ ከጻፈች ለጥቂት ያለፈች ትመስላለች። “3.5 ከ4.00” ትበል፣ የጀርመኑንም ስሌት ታክል። ከፍተኛው 4፣ ማለፊያው 2 ከሆነ ቀመሩ እንዲህ ነው፦ ከ4 ላይ 3.5 ሲቀነስ 0.5፤ ለ2 ሲካፈል 0.25፤ በ3 ሲባዛ 0.75፤ 1 ሲደመር 1.75። ይህ እዚያ ጥሩ ውጤት ነው። ዩኒቨርሲቲዋ አናቢን በሚባለው የመንግሥት ዳታቤዝ ውስጥ እንዴት እንደተመዘገበም ቀድማ ትይ።

ጀርመኖች ከሲቪው ጋር የትምህርትና የሥራ ማስረጃዎችን አያይዞ መላክን ይጠብቃሉ። የእነሱ የሥራ ማስረጃ ምን እንደተሠራና እንዴት እንደተሠራ ይዘረዝራል። የእኛው ብዙ ጊዜ ቀንና ደመወዝ ብቻ ነው። ቀጣሪያችሁ ተግባራችሁን የሚዘረዝር ደብዳቤ እንዲጽፍላችሁ ከአገር ሳትወጡ ጠይቁ። ፎቶ ግዴታ አይደለም፣ ግን ብዙ ሰው አሁንም ያስገባል። የቋንቋ ችሎታ “ጥሩ” ተብሎ አይጻፍም፤ ኤ2፣ ቢ1 እየተባለ በደረጃ ነው።

ምልክት፦ ተጠራሁ፣ ቀጠሮው አመለጠኝ

ስልካችሁን በ+251 ጀምሩ። ውጭ አገር ያለ ቀጣሪ “3 ሰዓት” ሲል በእኛ 9 ሰዓት ማለቱ ነው። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ቀጠሮውን ስታረጋግጡ የሁለቱንም ከተሞች ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፋችሁ መልሱ።