ሥራ የፈታ ላፕቶፕ ለምን ይግላል? የፕሮሰሰሩን እንቅልፍ እንዴት እንመርምር

ላፕቶፕ ምንም ሳይሠራበት ሲግልና ማራገቢያው ሲጮኽ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው አቧራ ማጽዳትና ቴርማል ፔስት (የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈውን ቅባት) መቀየር ነው። እኔ ግን ብሎን ከመፍታትዎ በፊት ፕሮሰሰሩ በእርግጥ ይተኛ እንደሆነ እንዲያረጋግጡ አጥብቄ እመክራለሁ።

ፕሮሰሰር ሥራ ሲያጣ ሲ-ስቴት በሚባሉ ደረጃዎች ወደ እንቅልፍ ይወርዳል። ሲ0 ላይ በሥራ ላይ ነው፤ ሲ1 ላይ ኮሩ (ከፕሮሰሰሩ የማስላት ክፍሎች አንዱ) ሥራውን ቢያቆምም ኤሌክትሪክ አይቋረጥበትም፤ ሲ6 ላይ ግን የያዘውን መረጃ ወደ ጎን አስቀምጦ ኤሌክትሪኩ ከሞላ ጎደል ይቋረጥበታል። ስለዚህ ሥራ የፈታን ላፕቶፕ ሙቀት በአብዛኛው የሚወስነው ሰው ሁሉ የሚያፈጥበት የጊጋኸርዝ (የፍጥነት) ቁጥር ሳይሆን ኮሮቹ በጥልቅ እንቅልፍ የሚያሳልፉት ጊዜ ነው።

ከመለካትዎ በፊት ላፕቶፑን አስነስተው 10 ደቂቃ ያህል ይታገሱ፤ ልክ እንደተነሣ አፕዴት ሲፈልግና ፋይል ሲያገላብጥ ይቆያልና። የሙቀት መከታተያው ፕሮግራምም ራሱ ፕሮሰሰሩን ስለሚቀሰቅስ በየ5 ሴኮንዱ ብቻ እንዲያነብ ያድርጉት። ክፍሉ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሆኖ ፕሮሰሰሩ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ካሳየ ጤነኛ ነው።

ከዚያ በላይ ከሆነ በዊንዶውስ ታስክ ማናጀርን ከፍተው የሚሠራ ነገር መኖሩን ይዩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አንድ የተረሳ የብራውዘር ታብ ነው። ቀጥለው በፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ዝቅተኛው የፕሮሰሰር መጠን 100 በመቶ ላይ ከተደረገ ወደ 5 ያውርዱት።

በሊኑክስ ፓወርቶፕ የተባለው ፕሮግራም ነገሩን ገልጦ ያሳያል። እያንዳንዱ ኮር በየደረጃው ያሳለፈው ጊዜ በመቶኛ ተጽፏል፤ ከጎኑ ደግሞ የመላው ፕሮሰሰር፣ ማለትም የፓኬጁ፣ ዓምድ አለ። ኮሮቹ ሲ6 ወይም ሲ7 ላይ ተኝተው ፓኬጁ ሲ2 ላይ ከቀረ፣ እንዳይተኛ የያዘው ሌላ ዕቃ ነው ማለት ነው። በእኔ ላፕቶፕ ላይ ይህ ሲደርስ ዩኤስቢውን፣ ውጫዊ ስክሪኑንና ዋይፋዩን ተራ በተራ ባጠፋም ለውጥ አልነበረም፤ በመጨረሻ ማስገቢያው ውስጥ የረሳሁትን ሚሞሪ ካርድ ሳወጣ ፓኬጁ ወዲያው ወደ ሲ8 ወረደ። አንድ በአንድ መንቀል አሰልቺ ቢሆንም ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ባዮስ (ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ሲ-ስቴት የሚል ምርጫ ካለ ሥራ ላይ እንዲውል መፈቀዱን ይመልከቱ፤ ሁሉም ላፕቶፕ ግን ይህን ምርጫ አያሳይም።

ኮሮቹም ፓኬጁም በደንብ ተኝተው ሙቀቱ ካልቀነሰ ያን ጊዜ ብሎኑን ፈትተው ክዳኑን ይክፈቱ። አቧራው በማራገቢያውና በማቀዝቀዣው ቅጠሎች መካከል እንደ ስስ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ያገኙታል፤ አየር ሲነፉበት ማራገቢያው ከልክ በላይ እንዳይሽከረከር በጣትዎ ያዝ ያድርጉት።