ሌሊት የሚዞረው ቆጣሪ

አራት ቤት አከራያለሁ፤ ውሃው በአንድ ቆጣሪ ነው። ሂሳቡ በየወሩ ሲጨምር ተከራዮቹን ጠረጠርኩ፤ እንግዳ አበዛችሁ፣ ልብስ አጠባችሁ እያልኩ አስቀየምኳቸው። እስካሁን ይቆጨኛል።

አንድ ማታ ተስማምተን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማንም ቧንቧ ሳይከፍት፣ ሽንት ቤትም ውሃ ሳይለቅ አደርን። ጠዋት ቆጣሪው 160 ሊትር ጨምሯል። በሰዓት 20፣ በቀን 480፣ በወር ከ14 ሜትር ኪዩብ በላይ ማለት ነው። ማንም ያልነካው ውሃ!

ከዚያ በየሽንት ቤቱ የውሃ ሳጥን ውስጥ የምግብ ቀለም ጠብ አድርጌ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። በሁለቱ ቤቶች ቀለሙ ወደ መቀመጫው ወርዷል። ድምፅ የለው፣ ወለል አያረጥብ፤ በምን ይታወቃል? ከሥር ውሃውን የሚዘጋው ጎማ ደርቆ ተጣሟል። ጎማዎቹን ቀየርኩ። በአንደኛው ውሃው በትርፍ ማፍሰሻው ቱቦም ይወርድ ስለነበር ሳጥኑ ሲሞላ ውሃውን የሚያቆመውን ተንሳፋፊ ዝቅ አደረግኩት። በማግስቱ ሌሊት ቆጣሪው ንቅንቅ አላለም።

ለየቤቱ ቆጣሪ ያስገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሜ አስገብቼ ቢሆን ተከራዩ የኔን ያረጀ ጎማ ዕዳ ይከፍል ነበር። አሁን ንባቡን በየወሩ መጀመሪያ አብረን እንመዘግባለን።