ከምግብ ጋር ለተጣላች ነፍሰ ጡርና አራስ

ስታዲየምና ለገሃር አካባቢ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው የሚቀመጡ ልጆች አሉ። ነፍሰ ጡር ሆነሽ ኪሎ የሚያስጨንቅሽ ከሆነ መጀመሪያ የምትተዪው እዚያ መቆምን ነው። መሬቱ ወጣ ገባ ነው፣ ጫማሽና ሹራብሽ አብሮ ይመዘናል፣ የጠጣሽውና የበላሽው ብቻ ከጠዋት እስከ ማታ 1 ኪሎ ሊያመጣ ይችላል። ያቺ 1 ኪሎ እራትሽን እንዳትበዪ ታደርግሻለች። በክትትል ቀን፣ በአንድ ሚዛን መመዘን ይበቃል። እዚያም ጀርባሽን ለቁጥሩ ሰጥተሽ ቁሚና «ሲስተር፣ ካርዱ ላይ ይጻፉት እንጂ አይንገሩኝ፤ የሚያሰጋ ነገር ካለ ብቻ ይንገሩኝ» በያቸው።

ለሐኪም ወይም ለሲስተር ስትናገሪ «የአመጋገብ መዛባት (እንዳልወፍር ብሎ ምግብ መተው ወይም የበሉትን ማስመለስ) አለብኝ» ብሎ መጀመር ብዙም አያስኬድም፤ ማስመለስሽ ከእርግዝና ማቅለሽለሽ ጋር ተደምሮ ሊታለፍ ይችላል። ስሙን ትተሽ የምታደርጊውን ቁጠሪላቸው፦ «በዚህ ሳምንት 4 ጊዜ ጣቴን ከትቼ አስመልሻለሁ»፣ «እስከ 10 ሰዓት ምንም አልቀምስም»፣ «ሰናመኪ እጠጣለሁ»። ከዚያ የደም ማነስ፣ የፖታሲየምና የሽንት ኪቶን (ሰውነት ሲራብ ሽንት ውስጥ የሚታይ ነገር) ምርመራ እንዲታዘዝልሽ ጠይቂ። ፖታሲየሙ አይቅር፤ ማስመለስና የሚያስቀምጥ መድኃኒት ያወርዱታል፣ በጣም ሲወርድ የልብ ምት ይዛባል።

ሰናመኪና «የማቅጠኛ ሻይ» የሚያወጡት ውሃ ነው፤ ምግቡ አንጀት ውስጥ አስቀድሞ ተመጥጧል። ስታቆሚ ለጥቂት ቀናት ፊትሽና እግርሽ ሊያብጥ ይችላል፤ ብዙዎች «ወፈርኩ» ብለው የሚመለሱበት እዚህ ጋ ነው። ውሃ ነው፣ ይወርዳል። (እርግዝናሽ ከ20 ሳምንት ካለፈና እብጠቱ ከራስ ምታት ወይም ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ ግን ግፊትሽን ዛሬውኑ ተለኪ።) ኮሶማ በእርግዝና ጨርሶ አይነካም። ካስመለስሽ ጥርስሽን ወዲያው አትቦርሺ፤ አሲዱ ያለሰለሰውን ትፍቂዋለሽ። በውሃ ተጉመጥምጠሽ ግማሽ ሰዓት ቆዪ። አፈር ወይም ከሰል ካማረሽም አትደብቂ፤ ከደም ማነስ ጋር አብሮ የሚታይ ነገር ስለሆነ ለሲስተሯ ንገሪ።

በመካከለኛ ክብደት እርግዝና የጀመረችና አንድ ልጅ የያዘች ሴት ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ መጨመሯ የሚጠበቅ ነው፤ ቀጭን ሆና የጀመረች ደግሞ ከ12.5 እስከ 18። ሕፃኑ 3 ኪሎ ከምናምን ነው፣ እንግዴ ልጁ ከግማሽ ኪሎ ያልፋል፣ የሽርት ውሃው ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል፤ የበዛው ደም፣ ማህፀኑና ጡቱ ገና አልተቆጠሩም።

ምግብን በሰዓት ያዢው። ለወራት የታፈነ ረሃብ ምልክቱ ስለሚዛባ እሱን መጠበቅ አያዋጣም። ጠዋት 1 ሰዓት ቅንጬ ወይም እንቁላል በዳቦ፤ 4 ሰዓት ሙዝና እፍኝ ቆሎ፤ 7 ሰዓት እንጀራ በምስር፣ ጎመን ጨምረሽ፤ 10 ሰዓት እርጎ ወይም በሶ፤ ማታ 1 ሰዓት እራት፤ 3 ሰዓት አንድ ብርጭቆ ወተት። ማታ ድስቱን ጠራርጎ መብላት ከሆዳምነት የሚመጣ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ መነሻው ቀን የተዘለለው ምሳ ነው። ስለዚህ አንዱ ቢያመልጥሽ ወይም ብታስመልሺ ቀጣዩን አታሳንሺ፤ ሰዓቱ ሲደርስ እንደወትሮው ብዪ።

ጾም ለዚህ ሕመም ምቹ መደበቂያ ነው፤ ማንም አይጠይቅማ። ለንስሐ አባትሽ ሕመሙን በግልጽ ንገሪያቸው፤ ሙስሊም ከሆንሽ ቀኑን ኋላ ማካካስ ትችያለሽ። ሽሮው፣ ምስሩና የሱፍ ፍትፍቱ ምንም አላጠፉም፤ የሚጎዳሽ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ መዋሉ ነው።

ለባልና ለእናት አንድ ነገር፦ ጉርሻ አታብዙባት። ከምሳ በኋላ ሽንት ቤት ገብታ ቧንቧ የምትከፍት ከሆነ ከመቆጣት ይልቅ አብራችኋት ተቀመጡ፤ የማስመለስ ግፊቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይበርዳል። ለዚህ ቡና ማፍላትን የሚያህል ነገር የለም። ቡናው እስኪቆላ፣ እስኪወቀጥና እስኪፈላ ሰዓቱ ያልፋል፤ ፈንዲሻም አለ። እሷ ከአቦሉ አንድ ስኒ ይበቃታል፤ የብረት ኪኒኗን ግን ከቡናው ቢያንስ 1 ሰዓት አራርቃ ትዋጥ፤ ቡናና ሻይ ብረቱ እንዳይመጠጥ ይይዙታል።

ከወለድሽ በኋላ ሆድሽ የ5 ወይም የ6 ወር እርግዝና መስሎ ይቆያል። ማህፀን ወደ ቦታው ለመመለስ 6 ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ መቀነት ጠፍሮ ማሰር አያፋጥነውም። ትንፋሽ እስኪያሳጥርሽ ካሰርሽው ጫናው ወደ ታች፣ ወደ ማህፀን በርሽ አካባቢ ይሄዳል። የድሮ ጂንስሽን ከዓይንሽ አርቂና ሁለት ሰፋፊ ቀሚስ አውጪ። በእርግዝና አንድ ተጨማሪ ምግብ ሲመከር የምታጠባ እናት ሁለት ያስፈልጋታል፤ ስታጠቢ ዳይት መጀመር የለብሽም።

ገንፎው ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከ5 ቀን በላይ እዚህ ግባ የሚባል ነገር ሳትበላ የቆየች ሴት በቅቤ የተነከረ ገንፎ በአንዴ ማጉረስ አደገኛ ነው፤ ደም ውስጥ ያሉት ማዕድናት ድንገት ወርደው ልብን ይጎዳሉ። እንዲህ ያለችዋ ሆስፒታል ሆና፣ በትንሽ በትንሹ፣ ደሟ እየታየ ትጀምር።

«ሆድሽ አልገባም እንዴ?» እና «ተመችቶሻል» አራስ ጥየቃ ላይ አይቀሩም። መልሱ የአራሷ ሥራ አይደለም፤ በር የሚከፍተው ሰው «ስለ ኪሎ አታንሱባት» ብሎ ያስገባ።

ከወለድሽ በኋላ የመጣብሽ ሐዘን ከ2 ሳምንት ካለፈ ለድብርት የሚጠየቁትን 10 የኤድንብራ ጥያቄዎች ጠይቁኝ በይ፤ አዲስ አበባ ላይ በአማርኛ ተፈትሸዋል። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ከተጻፈልሽ ጥቁር አንበሳ፣ ዘውዲቱና አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ራስሽን ከሳትሽ፣ ልብሽ ካለ ሥርዓት ከመታ፣ ደም ካስመለስሽ፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳ አልረጋ ካለሽ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ወይም ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ድንገተኛ ሂጂ ወይም በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሪ።