ባትሪዋን ሳይሆን መያዣዋን በይዱ

የድሮ ድራም ማሽናችሁ (የከበሮ ምት የሚያጫውተው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ) ሲጠፋ የሠራችሁትን ሪትም የሚረሳ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ያለቀው የውስጥ ባትሪው ነው። ለምሳሌ የ1989ኙ ሮላንድ አር-8 ውስጥ ያለችው ሲአር2032 ናት። ብዙ የመኪና ሪሞት ውስጥ ያለችው ክብ ባትሪ ማለት ነው፤ እዚህ ግን ቦርዱ ላይ ተበይዳለች።

አሮጌዋን ስታነሱ በቦታዋ ባዶ የባትሪ መያዣ በይዱ፤ አዲሷን ባትሪ ከዚያ በኋላ አስገቡ። የብየዳ ሙቀት የሊትየም ባትሪን ይጎዳል፣ ሊያፈነዳም ይችላል። ቀጣዩ ቅያሬ ደግሞ ያለ መበየጃ ካውያ፣ በጣት ብቻ ያልቃል። የፕላስና የማይነሱን አቅጣጫ ሳትነቅሉ ፎቶ አንሱ።

ባትሪዋ ስትነቀል ሚሞሪው ስለሚጠፋ፣ ሪትሞቻችሁን አስቀድማችሁ በሚዲ ገመድ (የሙዚቃ መሣሪያዎችን እርስ በርስና ከኮምፒውተር ጋር በሚያገናኘው) ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ። እባካችሁ ይቺን አትዝለሏት!

አንዳንድ ማሽን ግን ቻርጅ የሚደረግ 3.6 ቮልት ባትሪ ነው ያለው። እዚያ ላይ ሲአር2032 በፍጹም እንዳትገጥሙ፤ ቻርጅ ሲገባባት ልትፈነዳ ትችላለች።