ቱርቦው አልነፋ ሲል፦ ግፊት ስናስተካክል የምንሠራቸው ስህተቶች

አባይ በረሃን የወጣ ሾፌር ያውቀዋል። ከድልድዩ ወደ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። የመኪና ጉድ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። የእኔም አሮጌ ፕራዶ፣ ባለ 1ኬዜድ ናፍጣ ሞተር፣ ጉዱ የወጣው እዚያው ነው።

ከጉዞው በፊት ጉልበት ካጣ ሰንብቷል። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ይንፏቀቃል፣ ቱርቦው አይነፋም። እኔም "ግፊቱ ትንሽ ከፍ ይበልለት" አልኩና ጋራዥ ወስጄ አስጠበቅሁት። ጌጅ የለ፣ ልኬት የለ፣ በግምት ብቻ። ዳገቱ እኩሌታ ላይ የሙቀቱ መርፌ ቀዩን ነካ። በኋላ ሲፈታ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ተሰንጥቋል። ጥፋቱ ሁሉ የግፊቱ ነው አልልም። የ1ኬዜድ ቴስታታ ሙቀት እንደማይችል የታወቀ ነው። ግን እሳቱን ያቀጣጠልኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲገባን፣ የቱርቦው አሠራር በአጭሩ ይህ ነው። የሞተሩ ጭስ ቱርቦው ውስጥ ያለ ባለ ምላጭ መዘውር ያሽከረክራል፣ ከእሱ ጋር የተያያዘው ሌላው መዘውር አየር ጨምቆ ወደ ሞተር ይልካል። ግፊቱ ልክ ሲደርስ ዌስትጌት የምትባል ትንሽ በር ተከፍታ የተረፈውን ጭስ በጎን ታሳልፋለች። በሯን የሚያንቀሳቅሰው ጣሳ ከመሰለች ነገር የወጣ ቀጭን ዘንግ ነው። ጣሳዋ ውስጥ ሞላ አለ። ዘንጉ ላይ ያለውን ዳዶ አዙራችሁ ስታሳጥሩት በሯ ዘግይታ ትከፈታለች፣ ግፊቱ ይጨምራል። ሥራው ይኸው ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አደገኛ ያደረገውም ቅለቱ ነው።

ሳይመረምሩ ዳዶ መያዝ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ትናንት ይነፋ የነበረ ቱርቦ ዛሬ ካልነፋ ዳዶው በሌሊት ተነስቶ አልላላም። ሌላ ነገር ተበላሽቷል። የእኔ ችግር ከቱርቦው ወደ ሞተር የሚገባው የጎማ ቱቦ ነበር። ከሥር በኩል፣ ማሰሪያው አጠገብ፣ የጣት ርዝመት ያህል ተሰንጥቋል። ሞተሩ ቆሞ ስታዩት ስንጥቁ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ግፊት ሲመጣ ብቻ እንደ አፍ ይከፈታል። እኛ ዘንጉን ስናሳጥር ምስኪኑ ቱርቦ የሚያፈስ ቱቦ ለመሙላት ይበልጥ ይሮጥ ጀመር።

ስለዚህ መጀመሪያ ቱቦዎቹን በእጃችሁ ጠምዘዝ፣ ጎበጥ እያደረጋችሁ እዩ። ዘይት የያዘ ጥቁር አቧራ የተለጠፈበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰው ቦታ ነው። መስመሩን ዘግቶ በትንሽ ግፊት አየር መሙላትና የሳሙና ውሃ መቀባትም ያዋጣል። የጋራዡን ኮምፕሬሰር በሙሉ ኃይሉ ግን አትልቀቁበት፣ ደህናውንም ቱቦ ያስወልቃል።

ቀጥሎ የአየር ፊልትሮ። የኮረኮንች መንገድ አቧራ በአንድ ጉዞ ይደፍነዋል። በአየር ስታጸዱት ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፣ ያውም በቀስታ። ወረቀቱ ከተቀደደ አቧራው በቀጥታ የቱርቦውን ምላጮች ይበላል። ከዚያ ማርሚታው፤ ውስጡ ከተደፈነ ጭሱ መውጫ ያጣል፣ ቱርቦውም አይዞርም። የዌስትጌቷ በርም በጥላሸት ተይዛ ሳትዘጋ ልትቀር ትችላለች። ይህን ሁሉ አይታችሁ ደህና ከሆነ ያን ጊዜ ስለ ዳዶ እናውራ።

ያለ ጌጅ፣ ወይም ቆሞ መለካት

"ጆሮዬ ይበቃኛል" የሚል መካኒክ አጋጥሞኛል። ጆሮ የ0.2 ባር የግፊት ልዩነት አይለይም። ጌጅ ያላቸውም መኪናውን አቁመው፣ በባዶ ማርሽ ነዳጅ ረግጠው መርፌውን ያያሉ። ሞተሩ ሸክም ከሌለው ቱርቦው በቅጡ አይነፋም፣ ስለዚህ የምታዩት ቁጥር ውሸት ነው። ልኬቱ ዳገት ላይ፣ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን እስከ ታች ረግጣችሁ ነው። መርፌውን የሚያነብ ሌላ ሰው አጠገባችሁ ይቀመጥ። አሃዱንም ልብ በሉ፦ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው፣ ሁለቱን አምታቶ የሚያነብ አለ።

የከፍታውን ሂሳብ መርሳት

እኛን በተለይ የሚመለከተን ይሄኛው ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የከባቢ አየሩ ግፊት 0.77 ባር ያህል ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ 1.01 ነው። ተራ ጌጅ ደግሞ የሚያሳየው ከከባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ጌጁ 0.8 ካለ ሞተሩ አዲስ አበባ ላይ በድምሩ 1.57 ያገኛል፣ ጅቡቲ ላይ 1.81። መኪናው ሸገር ላይ ቢያዘግም አይገርምም።

"እንግዲያው ጌጁ 1.04 እስኪል እናጥብቀውና ይተካከላል" ይላል ብልጡ። ሂሳቡ ልክ ነው። ግን ቱርቦው ወደቡ ላይ አየሩን 1.8 እጥፍ ነበር የሚጨምቀው፣ እዚህ 2.35 እጥፍ ሊጨምቅ ነው። ድሮም በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከረውን ነገር ከአቅሙ በላይ ታሯሩጡታላችሁ። የተጨመቀ አየር ይሞቃል፤ በእንዲህ ያለ ጭመቃ ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይወጣል። ኢንተርኩለር፣ ማለትም የተጨመቀውን አየር ማቀዝቀዣ፣ የሌለው ሞተር ያንኑ ትኩስ አየር ነው የሚውጠው። ትኩስ አየር ደግሞ ስስ ነው፣ ጌጁ ላይ ያያችሁት ጭማሪ ሁሉ ጉልበት አይሆንም።

ይህ አልበቃ ብሎ መኪናው አንድ ቀን ቁልቁል ይወርዳል። ናዝሬትን፣ መተሐራን አልፎ ጅቡቲ ሲደርስ ያው 1.04 በድምሩ 2.05 ባር ይሆናል። ያውም በአፋር ሙቀት። የወደብ መንገድ የሚሠራ ሾፌር አዲስ አበባ ላይ ያስጠበቀው ግፊት መዘዙ የሚመጣው ታች ነው።

ቀጭኗን ቱቦ መድፈን

ወደ ጣሳዋ የምትሄድ ቀጭን ቱቦ አለች። ለዌስትጌት "ግፊቱ ደርሷል፣ ክፈቺ" የምትላት እሷ ናት። አንዳንዱ ነቅሎ ቡሎን ይሰካባታል። በሯ ከእንግዲህ አትከፈትም ማለት ነው፣ ግፊቱም ገደብ የለውም። ለአንድ ቀን መኪናው ይበራል፣ ባለቤቱ ሰው ሁሉ እንዲነዳለት ይጋብዛል። ከዚያ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማሸጊያው፣ ይሄዳል። ዘንጉ የማይስተካከል ከሆነ ደግሞ ከጣሳዋ ማሰሪያ ሥር ሮንዴላ የሚደረድሩ አሉ። አንድ ቀጭን ሮንዴላ ለውጡ ትልቅ ነው፤ ሁለት ሦስት አድርጎ "ይበቃዋል" ማለት ቁማር ነው።

የግድ መስተካከል ካለበት የነበረበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ። ግማሽ ዙር ብቻ አዙሩ። በዚያው ዳገት፣ በዚያው ማርሽ ለኩ። አምራቹ ከሰጠው ልክ አትለፉ።

ጥቁር ጭስን እንደ ጉልበት ማየት

ግፊት ያለ ነዳጅ ጉልበት አይሰጥም በሚል የናፍጣ ፖምፓውን ብሎን አብሮ የሚያዞር አለ። ሐሳቡ ከእውነት የራቀ አይደለም። ልኩ ግን ይጠፋል። መኪናው እንደ ከሰል ምድጃ ሲያጨስ "አየህ፣ ሳበ!" ይባላል። ጥቁር ጭስ አየር አጥቶ በቅጡ ያልነደደ ናፍጣ ነው፤ ገንዘባችሁ በማርሚታ ሲወጣ እያያችሁት ነው። የጭሱም ሙቀት ይንራል። ፒስተን አሉሚኒየም ነው፣ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ረጅም ዳገት ላይ ከቱርቦው በፊት ያለው ጭስ ያንን ያልፋል። ፒስተኑን የሚያተርፈው ዘይቱና ውሃው እየተቀባበሉ ስለሚያቀዘቅዙት ነው፤ እነሱም አቅም አላቸው።

ቤንዚን ላይ ነገሩ ይብሳል። ግፊት ሲበዛ ቤንዚኑ ከጊዜው በፊት ይነድና ሞተሩ ብረት እንደሚቀጠቅጥ ያንኳኳል። ያንን ድምፅ ከሰማችሁ እግራችሁን አንሱ።

አዲሱን እንደ አሮጌው መነካካት

እንደ 1ኬዲ ያሉት አዳዲስ የናፍጣ ሞተሮች ዌስትጌት የላቸውም። ቱርቦው ውስጥ በኮምፒውተር የሚታዘዙ ተንቀሳቃሽ ክንፎች አሉ። ውጭ ላይ የምትታየው ብሎን የክንፎቹ ማቆሚያ ናት፣ ፋብሪካ ላይ በመለኪያ የተስተካከለች። አትንኳት። እነዚህ ሲደክሙ አብዛኛውን ጊዜ ክንፎቹ በጥላሸት ተጣብቀው ነው፤ መፍትሔውም ጽዳት ነው። ኮምፒውተሩን አስነብቡ፦ ከሚያወጣቸው የብልሽት ኮዶች ፒ0299 ግፊት አነሰ፣ ፒ0234 ግፊት በዛ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለንን በወጉ መያዝ ነው፣ ምትክ በቀላሉ አይገኝም።

ወጥቶ ወዲያው ማጥፋት

ዳገት የወጣ ቱርቦ ግሏል። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ መፍሰሱን ያቆማል፣ እዚያው ያረረው ዘይት ከሰል ይሆንና ቀስ በቀስ የዘይቱን መስመር ይደፍናል። ግፊቱ ከተጨመረ ደግሞ ይብሳል። ደጀን ወጥታችሁ ስታቆሙ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ተዉት። ሻዩ የትም አይሄድም።