የምግብ ቧንቧ ናሙና ላይ ፒ53ን እንዴት አነባለሁ

ከአርሲና ከባሌ የሚመጡ የምግብ ቧንቧ ናሙናዎች ጠረጴዛዬ ላይ አይጠፉም። ፒ53 የተባለውን ፕሮቲን ቡናማ አድርጎ የሚያሳይ ቀለም የተጨመረበት ስላይድ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ጤነኛውን ክፍል ፈልጉ። እዚያ የታችኛው ረድፍ ጥቂት ኒውክለሶች (የሴል አስኳሎች) ብቻ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ይሆናሉ። ከዚያ ወደተጠረጠረው ቦታ እለፉ። ኒውክለሶቹ ሁሉም ማለት ይቻላል ከደመቁ፣ ፒ53ን የሚሠራው፣ ዕጢ የሚገታው ቲፒ53 ጂን ሳይበላሽ አልቀረም። የተበላሸው ፕሮቲን ቶሎ ስለማይፈርስ ይከማቻል።

ጭራሽ ባዶ ከሆነስ? እባካችሁ «ኔጌቲቭ ነው» ብላችሁ አትለፉት! ጂኑ ፕሮቲን መሥራት ሲያቅተውም እንዲሁ ነው የሚታየው። እኔ በጀማሪነቴ ልስተው ነበር። አጠገቡ ያሉት ጤነኛ ሴሎች ቀለሙን ካልያዙ ግን ማቅለሙ ይደገም።

የጂኑ ለውጥ ከካንሰር በፊትም፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ጤነኛ ቧንቧ ላይም ይገኛል። ሴሎቹ ወደ ታች ሰርገው ሲገቡ ካላየሁ ካንሰር ብዬ አልጽፍም።